የፊደል ለቃሚዋ ደራሲ፣ ወይዘሮ ሐመልማል ይታየው (1948–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሐመልማል በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ሲወለዱ በአባታቸው ቤት አንድም የታተመ መጽሐፍ አልነበረም። አባታቸው አቶ ይታየው በዛብህ የበቅሎ ነጋዴ፣ እናታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ዓለሙ የቤት እመቤት ነበሩ፤ ሁለቱም ማንበብ አይችሉም። ሆኖም አቶ ይታየው ከገበያ በተመለሱ ቁጥር መንገዳቸውን ከመነሻው እስከ መድረሻው፣ አንድ ማረፊያ ሳያስቀሩ ይተርኩ ነበር። ሐመልማል ታሪክ መናገርን የተማሩት ከዚያ ነው።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በበቅሎ ደባርቅ፣ አክስታቸው ዘንድ አደረሷቸው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎንደር ከተማ አጠናቀቁ። በ1967 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር፣ ከፒያሳ ጀርባ በነበረ አነስተኛ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጠሩ። ሥራቸው የእርሳስ ፊደላትን ከሳጥን እየለቀሙ በመስመር መደርደር ነበር። በ1970 ዓ.ም. የማተሚያ ማሽኑን ሠራተኛ አቶ ክብረት አበራን አግብተው ዳግማዊትንና ዕንባቆምን ወለዱ። ልጆቻቸው እሑድ ለቅዳሴ ሲሄዱ እንኳ ከእናታቸው ጥፍር ሥር የማይለቀውን ቀለም ያስታውሳሉ።

የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው «የክረምት ማዶ» በ1985 ዓ.ም. ታተመ። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለስምንት ገጽ ብቻ ይበቃ ስለነበር፣ ስምንቱ ገጽ ከታተመ በኋላ ፊደሉ ተፈትቶ ለቀጣዩ ስምንት ይለቀም ነበር። ወይዘሮ ሐመልማል ቸኩለው መጨረሻውን ሳይጽፉ ለቀማውን ጀመሩ። በገጽ 24 አያ አዝመራ የተባሉትን የበቅሎ ነጋዴ የክረምት ወንዝ ወሰዳቸው። መጽሐፉ ያለ አያ አዝመራ እንደማይቆም ደራሲዋ ሲገባቸው ገጹ ታትሞ፣ ፊደሉ ተፈትቶ ነበር።

አያ አዝመራ ልክ እንደ አቶ ይታየው በቀኝ እግራቸው ያነክሳሉ፤ ከራሳቸው በፊት በቅሏቸውን ያበላሉ። የመካነ ብርሃን ሰው ማንነታቸውን ለማወቅ አልተቸገረም። ታሪኩ በገበያ ሲነበብ ከዳር የሰሙ የሩቅ ዘመዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አቶ ይታየው ደጃፋቸው ላይ ኮርቻ ሲጠግኑ ነበር። «ምነው፣ ማን ሞተብን?» ብለው አብረው ሊያለቅሱ ተነሡ። ነገሩ ሲገለጥላቸው «በሉ ግቡ፤ ከመጣችሁ አይቀር ጠላ ጠጥታችሁ ሂዱ» አሏቸው። ልጃቸው ሐመልማል ሊጠይቋቸው ሲመጡ ግን አባት ሳይስቁ «ሸጋ አርገሽ ጽፈሽኛል። ወንዙን ብታሻግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ወይዘሮ ሐመልማል በሁለተኛው እትም ሊያሻግሯቸው ቃል ገቡ። አቶ ይታየው እትሙን ሳያዩ በ1987 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ሐመልማል ሦስት ልብ ወለዶች አሳተሙ። እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ጽፈው፣ ለባለቤታቸው ጮክ ብለው ሳያነቡ አንድ ፊደል አልለቀሙም። መጻሕፍቱ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኮሶዬ በሚገኘው የወይዘሮ እጅጋየሁ ምግብ ቤት ይሸጡ ነበር። የደባርቅ መስመር ሾፌሮች ሲያዩዋቸው «ገዳይዋ መጣች! እትዬ፣ ዛሬስ ተራው የማን ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን «የክረምት ማዶ»ን ለመክፈት እጃቸው አይታዘዝላቸውም ነበር። ኮምፒውተር መጥቶ የእርሳስ ፊደሉ ከተሸጠ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ባለቤታቸውም ዐረፉ።

በ2013 ዓ.ም. ዓይናቸው መድከም ጀመረ፤ ሐኪሙም ብርሃኑ እንደማይመለስ ነገራቸው። በዚያው ሳምንት ዳግማዊት መጽሐፉን እንድታነብላቸው ጠየቁ። ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው እሷ ስታነብ እሳቸው እያስቆሙ፣ በቃላቸው እየነገሩ ከገጽ 24 ጀምሮ እንደ አዲስ አጻፏት። ሥራው ሲያልቅ ማየት አቁመው ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ዕንባቆም አዲሱን መጽሐፍ እጃቸው ላይ ሲያኖርላቸው ጠርዙን ዳስሰው፣ «ሃያ አራትን አንብብልኝ» አሉት። አነበበላቸው። «ይበቃል» አሉ።

ወይዘሮ ሐመልማል ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። የእጃቸውን ድካም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከወላጆቻቸውና ከባለቤታቸው ጋር በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናናን።

አዲሱ እትም 212 ገጽ ነው። አያ አዝመራ በገጽ 24 ወንዙን ይሻገራሉ፤ በገጽ 212 በሕይወት አሉ።