በአቶ ማዘንጊያ ሚዛን ላይ ስለተቀመጠው ሃምሳ ግርሽ

ለክቡር አቶ ማዘንጊያ፣
የሳጃና ቅመም ሻጮች ሰብሳቢ፣ የሚዛን አባት፣ የሒሳብ ሊቅ፤
ካሉበት።

በቅድሚያ ለጤናዎ፣ ለሆድዎና ሚዛን ለሚይዘው ቀኝ እጅዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኛ ከከባዱ ሐዘን በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በሳጃናና በዴም ሰፈሮች ለምትገኙ ወገኖች ሁሉ በጥልቅ ሐዘን የማስታውቀው፣ ሒሳብ የተባለው ትምህርት ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ በአቶ ማዘንጊያ ሱቅ ውስጥ፣ ብዙ ሴቶች እያዩት፣ በድንገት ማረፉን ነው።

ላልሰማችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሌቦች ሱቁን ሲዘርፉ ሚዛኑን ትተው የሚዛን ድንጋዮቹን ወሰዱ። ክቡርነትዎ ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉምና፣ ዛሬ ሕፃን እንኳ ከመሬት የማያነሳውን የድሮ ሳንቲም ለቅመው በድንጋዮቹ ፋንታ አስቀመጡ። መከለሻ ሲሸጡ አንዲት ባለ ሃምሳ ግርሽ ሚዛኑ ላይ ጣል ያደርጉና የአንድ ሃምሳ ይኸው ይላሉ። ለዚህ ብልሃትዎ ዋላሂ ሽልማት ይገባዎታል።

አቤቱታዎቼ፦

1. ያንን መከለሻ ኮረሪማውንና ቅርንፉዱን በገዛ ክንዷ ወቅጣ የምታስረክብዎ እናቴ ሀዋ ናት። ከእሷ ሲገዙ ግን ባለ ሃምሳዋ ትጠፋና አምስት ባለ አስር ይደረድራሉ። ለምን ብትልዎ፣ አስር በአምስት ሲባዛ ስንት ነው ሀዋ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስሽም እንዴ ብለዋታል። ብዜቱን በሩ ላይ በጠመኔ ስለጻፉልንም እናመሰግናለን። እኔ ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ብዜቱ ልክ ነው። ብቻ እርስዎ እጅዎን ሊታጠቡ ወጣ ሲሉ አምስቱን አስሮች በአንድ በኩል፣ ባለ ሃምሳዋን በሌላ በኩል አድርጌ ነበር። ሁለተኛ ሃምሳ ብጨምርላትም አስሮቹ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

2. እናቴ በዚህ ሒሳብ በአንድ ሃምሳ ዋጋ የሁለት ሃምሳ ቅመም ከነምርቃቱ ስታስረክብ ከረመች። ልዩነቱ የቤት ኪራያችን ነበር። አሁን አከራያችን ዛኪር በየጠዋቱ በራችንን እያንኳኳ ጤናችንን ይጠይቃል። ጠያቂ ስላበዙልን አላህ ይስጥልን።

3. ይህኛው አቤቱታ ሳይሆን ይቅርታ ነው። ሐሙስ ዕለት የአንድ ሃምሳ መከለሻ ልገዛ ስመጣ የጎረቤታችንን የሉጥፊያን የወተት ቆርቆሮ ይዤ፣ በውስጡ ያሉትን ሃምሳ ባለ አንድ ግርሾች ሚዛኑ ላይ እንዲያደርጉልኝ በትሕትና ለመንኩ። አንድ በሃምሳ ሲባዛ ሃምሳ ነው፤ በርዎ ምስክሬ ነው። ከወረፋው ፊት የቆሙት ሐጃ ናስራ በዓረብኛ ዋሂድ፣ ኢትነይን እያሉ ጮክ ብለው ሲቆጥሩ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሲቀበሏቸው፣ እርስዎም ቅመሙን ሲጨምሩ፣ ሲጨምሩ፣ የመከለሻው ዕቃ ባዶ ሆኖ ሚዛኑ ገና ወደ ሳንቲሞቹ እንዳጋደለ ነበር። ከዚያም አዛን ሳይሰማ፣ ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ ሶላት ደረሰ ብለው ሱቁን ዘጉ። ጸሎትዎ ይድረስልን።

እንግዲህ የምለምነው ሲገዙም ሲሸጡም ያችኑ አንዲት ባለ ሃምሳ እንዲያስቀምጡልን ብቻ ነው። ያላ፣ እውነቱን ካወጣነው ጉዳዩ እንኳን ደብዳቤ ጉሮሮ የሚያስጠርግም አይደለም፤ ሁሉ ነገር ቢሰበሰብ በሦስት ጣት የሚቆነጠር ቅመም ነው።

የክቡርነትዎ ትሑት፣ ታዛዥና በብዜት የተማረከ አገልጋይ፣
ሙሃብ የሀዋ ልጅ፣
ከዴም፣ ከባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ማቆሚያ ፊት ለፊት።

ማሳሰቢያ፦ መልስዎ እስኪደርሰን እናቴ ከትናንት ጀምሮ መከለሻዋን በሱቅዎ ደጃፍ ተቀምጣ በማንኪያ እየሸጠች ነው። ማንኪያ ማባዛት አያውቅም። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ባለቤትዎ ወይዘሮ ዮርዳኖስ ነበሩ፤ ሁለት ማንኪያ ወስደዋል፣ ምርቃትም አልጠየቁም።