በሲጋራ ነገር ስላኮረፍሁህ

ለባለቤቴ ለተሰማ፤

እንደምን ከርመሃል ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እኛ ደኅና ነን። ጣራው ታድሷል፤ ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ልጅህ ጥሩወርቅ ሦስተኛ ክፍል ገብታ እኔን ፊደል ካልጠየቅሁሽ ትላለች። የጭነት ማኪናህን ወንድምህ ሙላት ይነዳታል። ሸጋ ነጂ ነው፤ ግን እንደ አንተ አያንጎራጉርላትም።

ይህን የምጽፍልህ ስለ ሲጋራው ነው።

ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዱ ኪስህ ውስጥ ፓኮ ሲጋራ አይቶ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ እሸቴ የነገራቸው ጊዜ ትዝ ይልሃል? ቤታችን መጥተው ተቀመጡ፤ ጠላውንም አልነካ አሉ። "ተሰማ፣ በዚህ ዕድሜህ ጢስ ጀመርህ ይላሉ፤ እውነት ነው?" አሉህ።

"አባቴ፣ እኔ አላጨስም። የምገዛው ለማኪናዋ ነው" አልህ።

እኔ ጓዳ ሆኜ በሐፍረት ነጠላዬን ነከስሁ። ሰው ሲዋሽ እንኳ እውነት የሚመስል ነገር ይፈልጋል። አንተ ግን ቀጠልህ። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ቀድሞ ተቃጥሎ ሽቦውን የሚያድን ትንሽ ነገር ነው፤ ማኪናዋ በየሳምንቱ ታቃጥለዋለች፤ ከገበያ ሲጠፋ በሲጋራው ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልዬ እመልሰዋለሁ አልህ።

"ሲጋራውንስ?" አሉህ።

"ለተሳፋሪ አድለዋለሁ።"

ይኸኛው ባሰ። የስድስት ሳምንት ስግደት ፈረዱብህ። እኔም መኝታህን ለይቼ መደቡ ላይ አነጠፍሁልህ። ጉልበትህን እያሸህ ማኪናዋን ስትሰድብ እሰማ ነበር፤ አላመንሁህም። ልብስህን ባጠብሁ ቁጥር አሸተው ነበር። ከናፍጣ በቀር ምንም አልሸት ሲለኝ፣ እንዴት ያለ ተንኮለኛ ነው፣ የትምባሆውን ሽታ የት ይደብቀዋል እል ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ቅዳሜ ዕለት ከማክሰኝት ገበያ ስንመለስ እኔና መምሬ እሸቴ ከሙላት ጋር ጋቢና ተቀምጠናል፤ ከኋላ ጤፍና ሽምብራ፣ በላዩ ሰው። ከከተማው እንደወጣን ክላክሱ ማንም ሳይነካው መጮኽ ጀመረ፤ ጀምሮም አልቆመም። አህዮች ከነጭነታቸው ማሳ ውስጥ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ሙሽራ የምናመጣ መስሏቸው ከመንገድ ዳር መረቁን። ሙላት መሪውን በቡጢ ቢመታው ጩኸቱ ባሰበት። ወዲያው ከመሪው ሥር ጢስ ወጥቶ ጋቢናውን ሞላው። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ጢሱ ዘረጉ። ማኪናዋ ስትቆም የላዩ ሰው ዘሎ ወረደ፤ ሙላት ሮጦ የባትሪውን ገመድ ነቀለው፤ ዝም አለች።

ሙላት መንዳት እንጂ የኤሌክትሪክ ነገር አያውቅም። "አበቃላት። ጎትተን እንሽጣት" አለ። ቤታችን የሚኖረው በእሷ ነው፤ ያንተም እጅ የቀረው እሷ ላይ ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ ከመሪው ሥር ገባሁና የፊውዙን ሳጥን ከፈትሁ። አንተ ስትጠግን ከአጠገብህ ቆሜ ስለምጨቀጭቅህ ሳልፈልግ ተምሬ ኖሯል።

በፊውዙ ቦታ ያ ብርማ ወረቀት፣ አንተ እንደጠቀለልኸው ተቀምጧል። ፊውዝ ቢሆን ቀድሞ ይቃጠል ነበር፤ ወረቀቱ አልቃጠልም ብሎ ሽቦዎቹ ግለው፣ ልባሳቸው ቀልጦ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ክላክሱን ያስጮኸውም ይኸው ነው። ወረቀቱን ነቅዬ በመዳፌ ይዤ ለመምሬ አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። ከዚያ ገና የሚትጎለጎለውን ጢስ አዩና፣ "ለካ የምታጨሰው እሷ ኖራለች" አሉ።

ከሞትህ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተለወጠብኝና መምሬ ትከሻዬን ይዘው አባበሉኝ።

እንባዬን ጠርጌ የተጣበቁትን ሽቦዎች ለያይቼ በሚጣበቀው ናስትሮ ጠቀለልሁ። ሁሉንም ከሳጥኑ ነቅዬ ከነበሩን ሁለት ፊውዞች አንዱን አስገባሁና፣ ሙላት ባትሪውን መልሶ ሲያገናኝልኝ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መለስሁ። የፊት መብራቱ ደኅና፣ ክላክሱም ደኅና። የኋላ መብራቱን ሽቦ ሳስነካ ፊውዙ ጠጥ ብሎ ተቃጠለ። ሌባው ተገኘ። ሽቦውን በእጄ እየዳሰስሁ ስከተለው ከጭነቱ ሥር ብረት እየፈተገው ተልጧል። መምሬ ጥምጥማቸውን ለሙላት አስያዙና ከነነጭ ጋቢያቸው ከማኪናዋ ሥር ተኝተው ሽቦውን ያዙልኝ፤ ጠቀለልሁት። ሁለተኛው ፊውዝ እስከ ዛሬ አልተቃጠለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ተሰማ በሐሰት ተከሷል፣ የፈረድሁበትም እኔ ነኝ አሉ። አንተ የሰገድኸውን ስድስት ሳምንት እሳቸው ጀምረውታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ናቸው፤ ሲራመዱ ያነክሳሉ።

የእኔ ይብሳል። ያ ሁሉ ቀን መደብ ላይ ያስተኛሁህ በምን ይመለሳል? ይቅር በለኝ፣ የእኔ ጌታ። ማንም ስለ አንተ ሲጠይቀኝ፣ ባሌ እውነቱን ነግሮኝ ነበር፣ ያላመንሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ሳልጠየቅም እናገረዋለሁ። አጠገብህ እስካርፍ ድረስ ስምህን እንዲህ እያነሣሁ እኖራለሁ።

ባለቤትህ የሺእመቤት