የፍሬን ሸራና የአባዬ ዓይን

ማክሰኞ

መኪናዬ ትጮኻለች። ከገበያው ቁልቁል ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ብረት ከብረት ሲፋቅ ይሰማል፤ ባለባጃጆቹ ዞረው ያዩኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ነበር። ዛሬ ጎንበስ ብዬ በጎማው ቀዳዳ አጮለቅሁ። የፊት ሸራዎቹ አልቀዋል።

ሌላ ሳምንት ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ዓርብ ግን አባዬን በዚችው ሚኒቫን ባሕር ዳር ማድረስ አለብኝ። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ሊገፍፉላቸው ሐኪሞች ቀጥረዋቸዋል። ቀጠሮው ካለፈ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። በሕዝብ መኪና እንዳልወስዳቸው፣ ባለፈው ጊዜ ሐሙሲት ከተማ ሳንደርስ አስመልሷቸው ከመንገድ ተመልሰናል።

መካኒኩ "ከሰኞ በፊት አልደርስልሽም" አለኝ። ባለቤቴ ደሳለኝ መስክ ወጥቷል፤ ስልኩ አይሠራም። እሱ ሸራ ሲቀይር ግን ሁለት ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ቁልፍ አቀብያለሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ስለ ሰበቃ ሳስተምር ስንት ዓመቴ! እንግዲህ እኔው ነኝ።

ረቡዕ

ሸራ ተገኘ። ክሪክ አለ። የጎማ ቁልፍ አለ። ሞርሳ ከጎረቤት አናጺ ተዋስኩ። ድፍረት፦ ግማሽ።

ከትምህርት ቤት መልስ ግቢ ውስጥ ጀመርኩ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድኩ። የቀኙን የፊት ጎማ ብሎኖች መሬት ላይ እንዳለ አላላሁ፤ ከዚያ በክሪክ አነሳሁና አወለቅሁት። በራሴ ኮራሁ። ኩራቴ ግን ሩብ ሰዓት አልቆየም። ሸራውን የሚያቅፈው ካሊፐር ብሎኑ ዝጎ እንቢ አለ። ዘይት አጠጣሁት።

አባዬ በዘንጋቸው እየደባበሱ ወጡ። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲያስተምሩ፣ ብራና ፍቀው ሲጽፉ ኖረዋል። አሁን እኔንም የሚለዩኝ በድምፄ ነው።

"ነገ እጨርሰዋለሁ" አልኳቸው።

"ነገማ ሚካኤል ነው።"

ክው አልኩ። ቀኑን የቆጠርኩት በስልኬ፣ በፈረንጁ አቆጣጠር ነው። ነገ ወሩ በገባ አሥራ ሁለተኛው ቀን መሆኑን ፈጽሞ ረስቻለሁ። በአባዬ ቤት በሚካኤል ብረት አይነካም። ጎማው ወልቆ፣ መኪናዋ በአንድ እግሯ ተንጠልጥላ!

ሐሙስ

አባዬ ቅዳሴ ሲሄዱ ተደብቄ ልጨርሰው አሰብኩ። ቁልፉን ሁሉ አንስቼ ነበር። ማየት የማይችል ሰው ማታለል ሆኖ ተሰማኝና አስቀመጥኩት። እስኪመለሱ በንዴት ግቢውን ጠረግሁ።

"በሬ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ አይወጣም ወይ? እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ?" አልኳቸው ገና ከበሩ ሲገቡ።

"እኔን በሬ አደረግሽኝ?" ብለው ሳቁ። ቆይተው ግን "ለሌላ ሰው ቢሆን እኔው ሥሪ እልሽ ነበር። ለገዛ ዓይኔ ብዬ በዓል መሻር ነው የከበደኝ" አሉ።

"ለእርስዎ አይደለም፤ ለእኔ ነው። ሲደናቀፉ ማየት አልቻልኩም።" እንባዬ መጣ። ያፈርኩት በኋላ ነው።

 ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው "በርጩማ አምጪልኝ፤ አጠገብሽ ልቀመጥ" አሉ።

ብሎኑ ዘይት ጠጥቶ ስለነበር ተፈታ። ካሊፐሩን በሽቦ አንጠለጠልኩ፣ ሸራውን የሚገፋውን ፒስቶን በሞርሳ ወደ ውስጥ መለስኩ፣ ሁለቱን ሸራዎች ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ግራና ቀኝ አስገባሁ። ልገጥም ስል "እስቲ ልንካው" አሉ። በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱ።

"የዚህኛው ጀርባ ሻካራ ነው፤ የዚያኛው ልሙጥ ብረት። መንታ አይደሉም እንዴ?"

አንዱን ገልብጬ አስገብቼዋለሁ! ብረቱ ዲስኩን ሊግጠው ነበር፤ ያውም ወደ ወረታ በሚያወርደው ቁልቁለት፣ አባዬን ይዤ። አውጥቼ ገለበጥኩት። "ብራናም የጠጉሩና የሥጋው ፊት የሚለየው በጣት ነው" አሉ፤ ደስ እንዳላቸው ያስታውቃል።

የግራው ቀለለኝ። ጨርሼ ፍሬኑን ስረግጥ ግን እስከ ወለሉ ወረደ። ልቤም አብሮ ወረደ። ደሳለኝ ሁልጊዜ ከቀየረ በኋላ ደጋግሞ ይረግጥ እንደነበር ትዝ አለኝ። ደጋገምኩ። በአምስተኛው ጠነከረ። በሰፈራችን መንገድ በቀስታ አሥር ጊዜ ሄጄ አሥር ጊዜ ቆምኩ።

ዓርብ

ጭጋግ ነበር። መንገዱ ደግነቱ ክፍት ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ጆሮዬን አቁሜ ወረድኩት። ፍሬኑ ይይዛል። ድምፅ የለም። አባዬ ፊት ወንበር ላይ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያደርሳሉ፤ አንድም ጊዜ ቀና ብለው "ቀስ በይ" አላሉኝም።

በሰዓታችን ደረስን። ግራ ዓይናቸው ተሠራ፣ ታሰረ። ሐኪሟን "ያያሉ?" ብላት "ነገ ሲፈታ ነው የምናውቀው" አለችኝ። አልጋ ይዘናል። እሳቸው ተኝተዋል፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም።

ቅዳሜ

ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች። አባዬ መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ ቆዩ። ፈራሁ።

"ምነው አባዬ? አልታይዎትም?"

"ሸብተሻል እኮ፣ ልጄ።"

ነርሷ ሳቀች። እኔ ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቀብኝ። ነጠላዬን ወደ ፀጉሬ ልስብ ብዬ መልሼ ተውኩት። ይዩት።