ስለ እግሮቼ የሳቅሁት ሳቅ

ዩኖሳኪ፣ ኅዳር 14፣ ከሰዓት በኋላ

ውድ ኬይጂሮ፣

ስምህን ጽፌ እዚህ መስመር ላይ ለመድረስ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

የደሴቱ ነፋስ እንዴት ይዞሃል? ወንድምህ ደህና ነው? የመንደሪኑ ለቀማ ወገብህን አልቆረጠውም? እዚህ ብርዱ ገብቷል። ከየጓሮው የሚወጣው የፍል ውኃ እንፋሎት ጠዋት ጠዋት መንደሩን ስለሚሸፍነው፣ ጣሪያዎቹ ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ። እኔም ሰሞኑን እንደዚያው ነኝ። እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ልቤ ግን የት እንዳለ አላውቅም።

አሁን የእንግዳ ማረፊያችን የጠዋት እንግዶች ሄደዋል፣ የማታዎቹ ገና ናቸው። የምጽፍልህ አንተ ባነጠፍከው ታታሚ፣ በአዲሱ የሣር ምንጣፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነው። ሣሩ እስካሁን አረንጓዴ አረንጓዴ ይሸታል። አለቃችን ሂሳኖ ሳን ብታየኝ፣ «ይቺ አስተናጋጅ ናት ወይስ ድመት?» ማለቷ አይቀርም።

በሚያዝያ አሮጌውን ምንጣፍ ልትቀይር የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? በሩ ሥር ሁለት የተላጡ ቦታዎች አግኝተህ በጣትህ ስትዳስሳቸው ቆየህ። እኔ ከጀርባህ ቆሜ ነበር።

«ይህን በር ተንበርክካ የምትከፍተው ማናት?» አልካት ሂሳኖ ሳንን።

«ሁላችንም ነና! ቆመን የምንከፍት መሰለህ?»

«አይ፣ የዚችኛዋ ክብደት በግራ በኩል ነው። ቀኝ እግሯን ታሳርፋለች።»

እኔ ነበርኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተንበርክኬ ለእንግዳ በር ስከፍት፣ እንዴት እንደምንበረከክ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ደንግጬ ሳቅሁ። ስደነግጥ እንደምስቅ ያን ጊዜ አታውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀጠሯችን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የእግር መንከሪያ ገንዳ ዳር ተቀመጥን። አንተ እግርህን ነከርክ፣ እኔ ነጩን ካልሲዬን አላወልቅም ብዬ ድርቅ አልኩ። የእግሬ ጀርባ ምንጣፍ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ ደድሯል። ሥራችን ሁላችንንም እንዲህ ያደርገናል፣ እኔ ግን ለማንም ወንድ አሳይቼ አላውቅም። አንተ ውኃውን ውኃውን እያየህ ጀመርክ።

«ሳዋኮ ሳን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሳቅሽም ሳቂ። እኔን የሴት እግር ደስ የሚለኝ ብቻ አይደለም፣ ልቤን ይወስደዋል። ከዱሮም እንዲህ ነኝ።»

«የማንንም ሴት?»

«ሳልጠይቅ የማንንም ነክቼ አላውቅም። አንቺን ካልተመቸሽ ዳግመኛ አላነሳውም። ደብቄሽ መቀጠል ግን አልፈለግሁም።»

«እና ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለሁት እኔስ?»

«እግርሽን ሳላይ ነው እኮ ሳቅሽን የወደድኩት» አልከኝ፣ ጆሮህ እስኪቀላ አፍረህ።

በሳምንቱ ቤትህ መጣሁ። ዝናብ ነበር። ካልሲዬን ያወለቅሁት ራሴ ነኝ። ዘይቱን በመዳፍህ እያሞቅህ፣ «እዚህስ ልንካ?» እያልክ ጣት በጣት ጠየቅከኝ። ልትስመው ጎንበስ ስትል «እሱ ይቆይ» አልኩህ፣ አንተም ተውከው፤ አላኮረፍክም። የደደረው ቦታ ላይ ስትደርስ አውራ ጣትህን አሳርፈህ ቆየህ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል፣ እኔ ደግሞ እግሬ የት እንዳበቃ፣ እጅህ የት እንደጀመረ ጠፍቶኝ ነቅቼ የማልም መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ የነካኝ ሰው የለም።

ታዲያ ለምን ለሴቶቹ ነገርኳቸው?

ፎጣ ስናጥፍ ነው። ቺአኪ፣ አዲሷ አስተናጋጅ፣ «ያ ምንጣፍ ሠሪሽ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወድጄህ እንደሞትኩ ፊቴ ላይ እንዳታነብብኝ ቶሎ ብዬ ቀልድ አደረግሁት። «እኔን ትቶ እግሬን ነው የሚያጫውተው!» አልኩ። ፎጣው ሁሉ መሬት እስኪወድቅ ተሳቀ። ጎበዝ ቀልደኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ።

በማግስቱ የመጨረሻውን ክፍል ልትጨርስ መጣህ። ቺአኪ እግሯን ዘርግታ፣ «ኬይጂሮ ሳን፣ የኔንስ አታየውም?» አለችህ። አንተ እሷን አላየሃትም፣ ዞረህ እኔን አየኸኝ። እኔም ሳቅሁ። ከእነሱ ጋር አብሬ ሳቅሁ። የምንጣፉን ጠርዝ ሰፍተህ ጨረስክ፣ እጅ ነስተህ ወጣህ፣ በሳምንቱ ወንድምህ ዘንድ ደሴት ገባህ ተባለ። አንተ አምነህ የሰጠኸኝን ምስጢር እኔ መሳቂያ አደረግሁት።

ትናንት በዚያው ፎጣ ማጠፊያ ክፍል፣ «አንድ ነገር ዋሽቻችኋለሁ» አልኳቸው። «የተሳቀበት ሰው ምንም አላጠፋም። ጠየቀኝ፣ ፈቀድኩ። እኔም ወድጄዋለሁ። እሱን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ አፍሬ ነው።» ቺአኪ አንገቷን ደፋች። ሂሳኖ ሳን ብቻ ፎጣዋን ማጠፏን ሳታቆም፣ «የኔው ሰውዬ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለ ገላዬ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ‹ጀርባዬን ታኪልኛለሽ?›» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሂጂና አምጪው» አለችኝ።

ላመጣህ አይደለም የምመጣው። እንደዚያ የማለት ፊት የለኝም። ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ እደርሳለሁ። ወደቡ ላይ ካላየሁህ በዚያው ጀልባ እመለሳለሁ፣ ቂምም አልይዝም። ከመጣህ ግን ያዋረድኩህ በሰው ፊት ነውና በሰው ፊት እጅ ነስቼ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ ወንድምህም ለቃሚዎቹም እያዩ። ለምን እንደሆነ ለአንዳቸውም አልናገርም። እሱ ያንተ ነው።

እስከዚያው ባሕሩ ይርጋልህ፣ የመንደሪኑ እሾህ እጅህን አይንካው፣ እንቅልፍህ የሰላም ይሁን።

ይቅር ካልከኝ ደግሞ፣ ያን የዝናብ ቀን «ይቆይ» ያልኩህን እንደገና ጠይቀኝ። በዚህ ጊዜ አልስቅም።

ሳዋኮ