ከሰላምታው በታች የጻፍኩት

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? ዓይንዎስ? ታላቅ ወንድሜ ደብዳቤ ሲያነብልዎ አሁንም የሚያባርሩት ሰው ይመስል ይቻኮላል? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ደህና ስል ግን ጤናዬን ብቻ ነው።

በስልክ የነገርኩዎት ጉዳይ ብሷል። የምንሠራበት ልብስ ማጠቢያ የአንሶላ መተኮሻ ማሽን እጇን ያቃጠላት ጓደኛዬ፣ ከፍጥነቷ የተነሳ ሩጫ የምንላት፣ ከሥራ ልትባረር ነው። የማሽኑን መከለያ የፈታው አለቃችን ነው። «ሥራ ያጓትታል» እያለ ሲፈታ ብሎኖቹን በመዳፌ የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ያኔም ዝም አልኩ። በሪፖርቱ ላይ ግን ራሷ እንደፈታችው ጻፈባት። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

የድርጅቱ ቢሮ ኃላፊ ሪፖርቱን ሰጥታ «ከተስማማሽ ፈርሚ፤ ካልተስማማሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ» አለችኝ። እኔም እንዳሳደጉኝ ጻፍኩ። «ሰላም ሳትይ ነገር አትጀምሪ» አይደል የሚሉኝ? የኃላፊዋን ጤንነት ጠየቅሁ፤ አለቃዬን ሥራ ስላስተማረኝ አመሰገንኩ፤ ደግነቱንም ጨመርኩበት። ዋናውን ነገር ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ «የእኔ ሐሳብ ከአለቃዬ ትንሽ ይለያል» ብዬ ሸጎጥኩት። ኃላፊዋ የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ «ምስክሯ ተስማምታለች» ስትል መዘገበች። አለቃችን ይህን በሁላችን ፊት ሲናገር ሩጫ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ የወረቀቱን ቅጂ ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፤ ታሪኩን ስነግረው ሳቁን ዋጠ። «‹ዲፈር› ማለት መለየት ብቻ ነው፤ ቀይና ሰማያዊም ይለያያሉ፣ ማንም አይጣላም። አንቺ ‹ዲስአግሪ›፣ አልስማማም በይ። ከማን ጋር፣ በምን ጉዳይ እንደሆነ የመጀመሪያው መስመር ላይ አስፍሪው» አለኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስቱንም ጊዜ እጄ ወደ ሰላምታው ሲሄድብኝ ጎትቼ መለስኩት።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። አዲሱ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ፈርቻለሁ አባዬ። እኔንም ሊያባርሩኝ ይችላሉ። እርስዎ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ የሰው አገር ነው፣ ፈርመሽ እንጀራሽን ብዪ» ብለውኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። አክስቴ ወገቧን ታሳርፍ። ትንሿ እህቴ ጫማዬን እያደረገችው እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ታድርገው፣ ፈቅጃለሁ። ወንድሜን ሰላም ይበሉልኝ፤ እንደ ኃላፊዋ ከላይ ከላይ አንብቦ እንዳያጥፈው፣ እስከ ታች ያንብብልዎ። ለእርስዎ ሰላምታ ሳላስቀድም መጻፍ አንጀቴ እምቢ ስላለኝ ዋናው ነገር እዚህ ግርጌ ላይ ቀርቷል። ዝም በይ ባሉኝ ነገር፣ አባቴ፣ ከእርስዎ ጋር አልስማማም።

አክባሪ ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል
ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል