የጻፍከውም የሰረዝከውም

ውድ ጌታሁን፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ ነው። ዛሬ እንባው የለም፤ ተቆጥቼ ነው የተቀመጥኩት።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን ምሕረት አራተኛ ክፍል ገባች፤ የእጅ ጽሑፏ ቁርጥ ያንተን ነው። ጓሮ የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ፤ ከጫካው የሚመጡት ዝንጀሮዎች ግን ለእኛ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የተዉልን። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጠረጴዛህን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም ነበር። ባለፈው ወር ምስጥ ገባበትና ወረቀቶችህን ፀሐይ ላይ ላሰጣ መሳቢያዎቹን አወጣሁ። የመጽሐፍህን የመጀመሪያ ረቂቅ ያገኘሁት ያኔ ነው።

አርባ ምንጭ የመጣኸው ለጋዜጣ ዜና ልትልክ ነበር። ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ወደ ምሥራቅ ላኩህ፤ ስለ አውሮፕላኖቹ የጻፍከውን ሁሉ እየቆረጥኩ አስቀምጥ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ስትመለስ ግን ያንን ቁራጭ ወረቀት ማየት እንኳ ጠላህ። "የታዘዝኩትን ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ የሆነውን ነው የምጽፈው" ብለህ ጋዜጠኝነቱን ተውክ። የጦር አውሮፕላኖቹን ታሪክ ልትጽፍ አብራሪ፣ ነዳጅ ቀጂ፣ ጠጋኝ እያፈላለግክ አገር ለአገር ዞርክ። እኔም ኮራሁብህ። ስለኮራሁብህም ነው የወንድሜን ደብዳቤዎች የሰጠሁህ።

ወንድሜ አንጁሎ በዚያው ጦርነት የአውሮፕላን ጠጋኝ ነበር። የሆነውን ለእኔ ብቻ ነው የጻፈልኝ። መቶ አለቃ ዮሴፍ የሚባል የምዕራብ ዓባያ ልጅ የሚያበረው አውሮፕላን የነዳጅ ቱቦው ተሰንጥቆ አገኘው፤ "ይህ አይነሳም" ብሎ ሳይፈርም ቀረ። አዛዡ ግን ይነሳ አለ። ዮሴፍ ከሜዳው ብዙም ሳይርቅ ወድቆ ሞተ። ጠላት መታው ተብሎ ተነገረ፤ አንተም በጋዜጣህ እንደዚያው ጻፍክ። ደብዳቤዎቹን ስሰጥህ፣ አንጁሎ ካልፈቀደ እንዳትጠቀምባቸው አስጠንቅቄህ ነበር። ገረሴ ድረስ ወጥተህ ሦስት ቀን ቤቱ ተቀመጥክ። ከጦሩ ከተሰናበተ ወዲህ የገበሬ ማኅበሩን ወፍጮ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነበር። ሁሉንም ነገረህ፤ ስትለያዩም የለመነህ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስሜን ጻፈው፤ አለመፈረሜን ግን እንዳታስቀር።"

መጽሐፉ ሲወጣ ስሙ ነበረበት። አውሮፕላኑ የወደቀው በጠጋኙ በአንጁሎ ቸልተኝነት ነው ይላል።

አንተ "ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ሰዎች ለወጡብኝ" አልከኝ። ፊትህ ገርጥቶ ነበርና አመንኩህ። እናቴ "ባልሽ ልጄን ሸጠው" ስትለኝ በልጄ ስም ማልኩላት፤ በዚሁ ተቀያየምን። አንጁሎን ስብሰባ ላይ አቁመው ወቀሱት፤ ወፍጮውንም ቀሙት። ከዚህ ሁሉ የከፋበት ግን የዮሴፍ እናት የእማማ አማረች ነገር ነው። ከጦርነቱ ወዲህ በየዓመቱ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸውም እንደ ልጃቸው ያዩት ነበር። መጽሐፉ ከተነበበላቸው በኋላ በራቸውን ዘጉበት። ወባ ሲጥልህ አንጁሎ ከገረሴ ወርዶ አብሮኝ አስታመመህ። አስከሬንህንም ከፊት ሆኖ የተሸከመው እሱ ነው።

ረቂቁ ላይ እውነቱ በእጅህ ተጽፏል። ቱቦው፣ አለመፈረሙ፣ የአዛዡ ትእዛዝ፣ አንድም አልቀረም። ከዚያ በቀይ ቀለም ሰርዘኸው ከጎኑ ያንን ውሸት አስፍረሃል። ከግርጌው፣ "አዛዡ አሁን ትልቅ ሹም ሆኗል፤ ይህ ካልተቀየረ መጽሐፉ ሳንሱር አያልፍም" ይላል። ማንም አልለወጠብህም፤ አንተው ነህ የለወጥከው።

ቅዳሜ መኪና ተሳፍሬ ገረሴ ወጣሁ። አንጁሎን ገብስ ማሳው ውስጥ ሲያርም አገኘሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ መለሰልኝ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

መጽሐፉ በወጣ በሦስተኛው ወር አንተው ሄደህ እግሩ ላይ ወድቀህ ነግረኸዋል። ይቅርም ብሎሃል። ለእኔ እንዳይነግረኝ አስምለኸዋል። ለምን እሺ እንዳለህ ስጠይቀው፣ "እኔ ስሜን አጣሁ፤ አንቺ ደግሞ ባልሽን እንዳታጪ ብዬ ነው" አለኝ።

እዚያው ማሳው ዳር ተቀመጥኩ። ለካስ ሁለታችሁ የምታውቁትን እኔ ብቻ ሳላውቅ፣ ለአንተ ስሟገት ከገዛ እናቴ ተጣልቼ ኖሬአለሁ። እሷም ሳንታረቅ ሞተች። በቀብሯ ላይ ክንዴን ይዘህ አጠገቤ ቆመህ ነበር፤ ያኔ እንኳ አልነገርከኝም። ጌታሁን፣ ፈርተህ መዋሸትህን እረዳ ይሆናል፤ በዚህ ዘመን የማይፈራ የለም። ይቅርታ ፍለጋ ገረሴ ድረስ የወጣህ ሰው፣ በአንድ ማዕድ ለምትበላው ሚስትህ አንድ ቃል መተንፈስ እንዴት አቃተህ?

ከገረሴ እንደተመለስኩ የሰረዝከውን ጽሑፍ በእጄ ገለበጥኩና ወደ ምዕራብ ዓባያ ሄድኩ። እማማ አማረች ማንበብ ስለማይችሉ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በጋሞኛ አነበብኩላቸው። የልጃቸው ስም ሲጠራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ እንጂ አላቋረጡኝም።

"ይኼን የጻፈው ማነው?" አሉኝ ስጨርስ።

"ባሌ ነው።"

"ያኛውንስ፣ የመጽሐፉን?"

"እሱንም ባሌ ነው።"

ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ አፈርኩ። በመጨረሻ "አንጁሎ ለመስቀል እንዲመጣ ንገሪው" አሉኝ። ስለ አንተ ምንም አላሉም።

ፎቶግራፍህን ከግድግዳው አላወርደውም። ምሕረት አድጋ አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ስትለኝ ረቂቁንም መጽሐፉንም ፊቷ አስቀምጥላታለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ገና አልሆነልኝም። እንዳልረሳህ ግን ቃሌ ነው። አሳምሬ አላስታውስህም፤ እንደነበርክ አስታውስሃለሁ።

ባለቤትህ አበበች