መስኮት የሌለው የካርቶን ቤት

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከልጅሽ መማሪያ ክፍል፣ ጉልበቴን ከአገጬ ሊያገናኝ ከደረሰ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የቤተሰብ ቀኑ አልቋል። ልጅሽ ግቢው ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ትሯሯጣለች። እኔ ደክሞኛል። የደከመው ወገቤ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ሳጫውት የኖርኩበት ድካም ሁሉ ቀጠሮ ይዞ ዛሬ የመጣብኝ ይመስለኛል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ስትደውዪ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? "እማ፣ ቅዳሜ የልጅቷ የቤተሰብ ቀን ነው። እኔ ሆስፒታል ተረኛ ነኝ፣ አባቷም መንገድ ላይ ነው። ሥራ ከሌለሽ አብረሻት ትቀመጫለሽ?" አልሽኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ "ቅዳሜማ የኛም ትምህርት ቤት የቤተሰብ ቀን ነው" አልኩሽ። አንቺም፣ "ግድ የለም፣ እዚያም ዘበኛ አይጠፋም" ብለሽ ሳቅሽ። አብሬሽ ሳቅኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ምን ማለትሽ እንደሆነ ገባኝ።

ይህን ነገር በመሃላችን አንስተነው አናውቅም። ዛሬ እኔ ላንሳው።

አንደኛ ክፍል ስትገቢ አባትሽ ትቶን ከሄደ ዓመት አልሞላውም ነበር። እኔ የክበባት ኃላፊ ነበርኩ፤ የአትክልቱም፣ የአሻንጉሊት ቲያትሩም፣ የእጅ ሥራውም ጣጣ በኔ ጫንቃ ላይ ነበር። የቤተሰብ ቀንን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ጋር ተቀምጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ የካርቶን ቤት ይሠራል። ወላጅ ያልመጣለት ልጅ ሆድ እንዳይብሰው ደግሞ ደንብ አወጣሁ፤ አንድ መምህር ወይም ሠራተኛ ምትክ ሆኖ አጠገቡ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ያመሰገነኝ ደንብ ነው። እኔ ራሴ የስንቱ ልጅ ምትክ እናት ሆኛለሁ! አንቺ ጋ ስደርስ ግን፣ "እሷ የኔ ናት፣ ችግሬ ይገባታል" እያልኩ የበሩን ጥበቃ ልኬልሽ አልፍ ነበር።

አባባ ቁልፉን። ወገባቸው ላይ በሚንኳኳው የቁልፍ ዘለላ የተነሳ እናንተው ያወጣችሁላቸው ስም ነው። ካርቶን ምኑ እንደሚቆረጥ የማያውቁ ሰው፤ የሚያውቁት በር ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የሠራችሁት ቤት አንዱን ግድግዳ የሞላ በር ነበረው፣ በሩ ላይም የእውነት ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። መስኮት ግን የለውም። እኔ ውጤት እየሰጠሁ ስዞር ደረስኩና፣ "መስኮቱስ?" አልኳችሁ።

"ሌባ እንዳይገባ ነው፣ ቲቸር" አልሽኝ።

መስኮት የለውም ብዬ ሦስት ነጥብ ቀነስኩባችሁ። አባባ ቁልፉ ካርቶኑን ታቅፈው፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በሩን ማንም አይከፍተውም" ሲሉሽ እየሰማሁ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፍኩ።

ቲቸር ብለሽ እንድትጠሪኝ ያዘዝኩሽ እኔው ነኝ፤ ለልጇ ታደላለች እንዳልባል። ያን ቀን ቤት ገብተን ጫማሽን እየፈታሽ፣ "ቲቸር፣ ራበኝ" አልሽኝ። አፏ ለምዶት ነው ብዬ ሳቅኩብሽ። አንቺ አልሳቅሽም።

ባለፈው ሰኞ ጡረታዬ ስለደረሰ የክበባቱን መጋዘን ሳስረክብ የድሮ መዝገቦች አገኘሁ። ያንቺን ስድስት ዓመት አንድ በአንድ ገለጥኩ። ከስምሽ ትይዩ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ "ቤተሰብ አልመጣም። ምትክ፦ ጥበቃ" ይላል። ስድስት ጊዜ። ልጄ፣ እኔ እኮ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። በገዛ እጄ አልመጣችም ብዬ የጻፍኩት ስለ ራሴ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ወርቁን መዳብ ብሎ መዝገብ ላይ ያሰፈረ ግን ከኔ በቀር አላውቅም። መጋዘኑ ወለል ላይ፣ ከነአቧራው፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ርዕሰ መምህሩ ጋ ገባሁና ቅዳሜ እንደማልመጣ ነገርኳቸው።

"እንዴ! ያለ እርስዎ ማን ሊመራው ነው? ደግሞ የመጨረሻዎ አይደል? ሽልማት አዘጋጅተንልዎታል እኮ።"

"ሽልማቱን ለአባባ ቁልፉ ቤተሰብ ስጡልኝ" አልኳቸው። አባባ ቁልፉ ሲያርፉ ርዕሰ መምህሩ ገና ተማሪ ነበሩና ስለ ማን እንደማወራ አልገባቸውም።

ዛሬ እዚህ ስደርስ የበሩ ጥበቃ፣ "የማን ቤተሰብ ነዎት?" አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የልጅሽን ስም ነግሬው ገባሁ።

ከዚያ ልጅሽ መቀስ አቀበለችኝ። ለካ አልችልበትም! "እንዲህ ቁረጡ፣ እንዲያ ለጥፉ" እያልኩ ስዞር ኖሬ አንድም ቤት ጨርሼ አላውቅም። ሙጫው ሁለት ጣቴን አጣበቀብኝ። "አያቴ፣ አስተማሪ ነኝ አላልሽም እንዴ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እንደምንም ጣሪያው የተንጋደደ ቤት ወጣልን። አራት መስኮት አለው፣ አራቱም በአንድ ግድግዳ ላይ። ምነው አበዛሽው ብላት፣ "እማዬ ከሥራ ስትመጣ እንዳያት ነው" አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ወረቀቱን እየቆራረጠች፣ "ባለፈውም ተረኛ ነበረች" አለች።

ልመክርሽ አይደለም፤ በምን አፌ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትዪኝም እውነትሽን ነው። በሽተኛ ጥለሽ ነይ አልልሽም። ግን የሚቀጥለው የቤተሰብ ቀን ከሦስት ወር በኋላ ነውና ተራሽን ከወዲሁ ተለዋወጪ። እኔም እመጣለሁ፤ ሙጫውን እይዝላችኋለሁ።

ለነዚያ ስድስት ዓመታት ይቅር በዪኝ። ያኔ ሥራ በዝቶብኝ ነበር እንዳልል፣ ሥራዬ ከሰው ልጅ ጎን መቀመጥ ነበር።

ደብዳቤውን ልጅሽ ቦርሳ ውስጥ፣ የቤት ሥራ ደብተሯ መሃል አድርጌዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ለወላጅ ስንት ወረቀት በልጆች ቦርሳ እንደላክሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ባንቺ ቦርሳ የላክኋቸውን እኔው ጽፌ፣ እኔው ሳላነብ ፈርሜ እመልሳቸው ነበር። ይህን ግን አንቺ አንብቢው። ስታነቢ ብትቆጪም፣ ብታቆዪውም ግድ የለኝም፤ ብቻ ፈርመሽ በልጅሽ እጅ መልሺልኝ።

እናትሽ

የወላጅ ፊርማ ................................